ከላይ የተላከው መምህር

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ቁጭ በሉ። በሩን ገርበብ አድርጉት፣ ነፋሱ ይበቃናል። ዛሬ የማጫውታችሁ ከዩኒቨርሲቲ ወርዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ስለጀመረ አንድ ሰው ነው። «ወርዶ» ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ሰዉ ሁሉ እንደዚያ ስላለ ነው። መዘዙም የመጣው ሰዉ እንደዚያ በማለቱ ነው።

ሰውየው ዶክተር ነበር፤ የሚያክም ሳይሆን የሚያስተምር። ትምህርቱ ፊዚክስ ነው። ሰፈሩ ግን «ዶክተሩ» እያለ ሲጠራው ስለኖረ ጎረቤት ራሱን ባመመው ቁጥር እየመጣ መድኃኒት ይጠይቀዋል። እሱም ማስረዳቱ ሲሰለቸው «ውሃ ጠጡ» ይላል። አብዛኞቹም ይሻላቸዋል።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስሙ የተጻፈበት በርና የሚሽከረከር ወንበር ነበረው። ኮሚቴዎችም ነበሩበት። አንደኛው የሌሎቹን ኮሚቴዎች የስብሰባ ሰዓት የሚወስን ኮሚቴ ሲሆን፣ ራሱ ግን ሰዓት አጥቶ አንድም ቀን ተሰብስቦ አያውቅም። ዶክተሩ ይህን ሁሉ ችሎት ነበር። ያልቻለው አንድ ነገር ነው። ትልቁ አዳራሽ ገብቶ፣ አስተምሮ አስተምሮ፣ መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ያለው?» ሲል አዳራሹ ጭጭ ይላል። ያ ሁሉ ወጣት አንገቱን ይደፋል። ቆይቶ ከኋላ አንድ እጅ ይወጣና «ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይላል። በየዓመቱ ያችው ጥያቄ ናት። ፊቱ ይለዋወጣል እንጂ እጁ ያው አንድ እጅ ይመስለው ጀመር።

አንድ ቀን ብስጭት ብሎት «ጨረቃን እዚያ ላይ የሰቀላት አጎቴ ነው» አላቸው። ሁሉም ጻፉት። አንዷማ የአጎቱን ስም እስኪነግራት ብዕሯን ይዛ ቀና ብላ ጠበቀችው።

ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲሄድ አሰበበት። እነዚህ ልጆች ሲወለዱ እንዲህ አልነበሩም። ጥያቄያቸው እኛ ዘንድ አልሞተም፣ ሞቶ ነው የመጣው። እንግዲያው ከእኛ በፊት ወዳለው ቤት ሄጄ ነፍሱ ሳትወጣ ልድረስለት አለ። በማግሥቱ መልቀቂያ አስገባ።

ዲኑ መጀመሪያ የታመመ መሰለው። ቀጥሎ የተቀየመ መሰለው። በመጨረሻ ደህና ደመወዝ ያለበት ቦታ አግኝቶ የደበቀው መሰለውና ጠቀሰው። ከዚያ እንደ በሽተኛ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ፣ ይህ ነገር እስኪወጣለት ድረስ ወንበሩ ላይ እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ማንም እንደማይቀመጥበት ነገረው።

ዲኑስ ይሁን። የእናቱ ነገር ነው የሚከብደው። ይቺ እናት ባሏ ከሞተ ጀምሮ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ኖራ ነው ያስተማረችው። «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያስተምረው» የሚለው ቃል ለእሷ እንደ ወርቅ ሐብል ነበር፤ ከቤት ስትወጣ አንገቷ ላይ አድርጋው ነው የምትወጣው። ወሬውን ሲነግራት፣ «ሰው ከበቅሎ ወርዶ አህያ ላይ ይወጣል?» አለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም። በሳልስቱ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ በአጥር በኩል ብቅ አለችና፣ ዶክተሩ ከዩኒቨርሲቲ ለቀቀ የሚባለው እውነት እንደሆነ፣ እውነት ከሆነም ምን አጥፍቶ እንደሆነ ጠየቀቻት። የልብስ ሰፊ አጠያየቅ ታውቃላችሁ፣ ቀስ ብሎ ገብቶ በወዲያ በኩል ይወጣል። የእናት አንገት ባዶ ሆነ። ሐብሉ የለም። ምን ታድርግ? ግራና ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለማንም እንዳትናገሪ። ለቀቀ የሚባለው ለሽፋን ነው። ትምህርት ቤቶቹን በድብቅ እንዲመረምር ከላይ ልከውት ነው» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ከላይ ማን እንደሆነ ጠየቀች።

«ከላይ ነዋ» አለች እናት።

«ለማንም እንዳትናገሪ» የተባለ ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ ለእናንተ አልነግራችሁም። የልብስ ሰፊዋ እህት ደግሞ፣ ሲብስ፣ ዶክተሩ የተቀጠረበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ጸሐፊ ነበረች። ዶክተሩ ሥራ ሊጀምር ሲሄድ ወሬው ቀድሞት ደርሶ፣ ግቢውን አስጠርጎ፣ አጥሩን ቀለም አስቀብቶ ጠበቀው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሱ ምንም አልሰማም። ዘበኛው ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሲሰጠው ትሑት ሰው ነው ብሎ አለፈ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሌሎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀው ለእሱ ትራስ ያለው ወንበር ሲቀርብለት፣ ለአዲስ ሰው ነው አለ። ሌሎቹ መምህራን የጥፍር ያህል በቀረች ጠመኔ ሲጽፉ ለእሱ ባለ ቀለሙ ከነካርቶኑ ሲሰጠው ግን ትንሽ ግር አለው።

ክፍል ገባ። ርዕሰ መምህሩ አብሮ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። ዶክተሩ ሰሌዳው ላይ «ኃይል» ብሎ ጻፈና፣ ኃይል ማለት ምን ይመስላችኋል ብሎ ጠየቀ። የክፍሉ እጅ በሙሉ እንደ አንድ ሰው ብድግ አለ። ልቡ ዘለለ፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ያላየው እጅ ነው። ከፊት የተቀመጠውን ልጅ ጠራው። ልጁ ተነስቶ ደረቱን ነፋና፦

«እንቁራሪት በውሃም በየብስም የምትኖር እንስሳ ናት» አለ።

ክፍሉ አጨበጨበ። ዶክተሩ ሰሌዳውን ዞር ብሎ አየው፤ «ኃይል» ነው የሚለው። ሌላ ልጅ ጠራ። «እንቁራሪት ምላሷ የተጣበቀው ከፊት በኩል ነው።» ጭብጨባ። ከመሐል አንዲት ረዘም ያለች ልጅ ተነስታ እንቁራሪት የምትተነፍሰው በሳንባዋ ብቻ ነው አለች። ወዲያው ከጎኗ ያለው ተነስቶ፣ እህቴ ተሳስታለች፣ በቆዳዋም ትተነፍሳለች ብሎ አረማት። የዚህ ጭብጨባ ከሁሉ ደመቀ። ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ላቡን ጠረገ።

ነገሩ እንዲህ ነው ልጆቼ። ሰው ቤት ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ብርጭቆ አለ አይደል? ይህ ትምህርት ቤትም ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ትምህርት ነበረው። ድሮ አንድ ኢንስፔክተር መጥቶ የእንቁራሪትን ትምህርት ሰምቶ «መልካም» ብሎ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ክፍል ያችን ትምህርት በቃሉ ያጠናል። እንግዳ ከገባ፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜም ይሁን የታሪክ፣ እንቁራሪቷ ትወጣለች። ሁሉም ልክ ሲሆን ደግሞ ያስጠረጥራል ተብሎ ለየክፍሉ አንድ ተሳሳች ተመድቧል።

ዶክተሩ ይህን አያውቅም። በማግሥቱም ስለ ኃይል ጠየቀ፤ እንቁራሪት። በሳምንቱ ስለ ብርሃን ጠየቀ፤ እንቁራሪት። ሌላ ክፍል ሄዶ ሞከረ፤ ያችው እንቁራሪት በሌላ ልጅ አፍ መጣች። አንድ ቀን ያችን የምትሳሳተውን ልጅ መተላለፊያው ላይ አገኛትና፣ ስለ እንቁራሪቷ ቆዳ ዘወትር እዚያው ቦታ ላይ የምትሳሳተው ለምን እንደሆነ ጠየቃት።

«ክቡር ቲቸር፣ እኔ እኮ የተመደብኩት ለመሳሳት ነው» አለችው።

ከአፏ ካመለጠ በኋላ መለስ ልታደርገው ብትሞክርም አልሆነላትም። የሥራዋ ክብር ደግሞ አስገደዳትና፣ ቀላል እንዳይመስለው፣ መጀመሪያ የተመደበው ልጅ እየረሳ ትክክሉን ይመልስ ስለነበር መቀየሩን ጨምራ ነገረችው። መሳሳት ጎበዝ ተማሪ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው እሱ ከላይ የተላከ መርማሪ ነው ስለተባለ መሆኑንም ከእሷ ሰማ።

ዶክተሩ ቀጥ ብሎ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄደ። እኔ መምህር ነኝ፣ ማንም አልላከኝም፣ የምመረምረው ነገር የለም አለው። ርዕሰ መምህሩ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ሰው ነው፤ በዚህች ተረት ነው ከወንበሩ ሳይነሳ የኖረው።

«እንዴታ!» አለ በሩን እየዘጋ። «መምህር ነዎት። ሁላችንም መምህራን ነን» ብሎም ጠቀሰው።

ከዚያ ወዲያ እውነት እያደር ይጠራል የሚሉት ነገር በዚያ ግቢ ተገላበጠ፤ እያደር ደፈረሰ። እጅጌው ተቀዶ ቢመጣ «አለባበሳቸውን አያችሁ? ሥራ ያውቃሉ» ተባለ። አርፍዶ ቢመጣ ዘበኛው ሰዓታችንን እየፈተሹ ነው አለ። ተቆጥቶ ጠረጴዛ ቢመታ በማግሥቱ ጠረጴዛው ተቀየረ። አንድ ቀን ጸሐፊዋ ሻይ ስታቀርብለት፣ እናቱ ደህና መሆናቸውን ጠይቃ፣ እንደ እሳቸው ያለ ምስጢር ጠባቂ እናት እንደማታውቅ፣ ለእህቷ ለልብስ ሰፊዋ ብቻ እንደነገሯት እያወራች አመሰገነች። ሻዩ እጁ ላይ ቀዘቀዘ።

መንፈቀ ዓመቱ ሊያልቅ ነው። አንድም ነገር አላስተማረም፤ አንድም ልጅ አልጠየቀውም። እናቴ ዋሽታ ነው ብሎ ቢናገር፣ ያቺ ሴት በሰፈሩ ውስጥ ምን ፊት ይዛ ትወጣለች? ዝም ካለ ደግሞ ኢንስፔክተር ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ኢንስፔክተርን ደግሞ ማንም ልጅ አይጠይቅም። ዲኑ ያቆየለት ወንበር ባዶውን ይጠብቀዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቱ የደረቀ አንሶላ ስታጥፍ አንዱን ጫፍ ያዘላት። ሲቀራረቡ ሲራራቁ፣ አንሶላው መሐላቸው ሲወጠርና ሲታጠፍ፣ የሰማውን ቀስ ብሎ ነገራት። እሷ አልካደችም።

«ምን ልበል ታዲያ? ልጄ ወረደ ልበል? ዓይኔን በጨው አጥቤ?»

አልተቆጣትም። እንደዚህ ከሆነ ወደ ዩኒቨርሲቲው እመለሳለሁ አላት። እናት ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ሐብሏ ሊመለስላት ነው። ግን ፊቱን አየችውና ደስታው አልመጣ አላት።

«ለመሆኑ እዚያ ትምህርት ቤት ምን ጥለህ ነው የምትፈልገው?» አለችው።

«እማዬ፣ ልጅ ሆኜ እጠይቅ ነበር?»

«ኧረ አንተ! ጆሮዬን ልታደነቁረው ነበር። ድስቱ ሲፈላ ክዳኑ ለምን ይዘላል፣ ጥላዬ ማታ የት ያድራል... አጥቤ ደክሞኝ ስተኛ ዓይኔን በጣትህ ከፍተህ ትጠይቀኝ ነበር።»

«መቼ ተውኩት?»

እናት አንሶላውን እንደያዘች ቆመች። «እኔ እንጃ ልጄ። ትምህርት ቤት ገባህ። ከዚያ ዝም አልክ። ጨዋ ሆነልኝ ብዬ ደስ አለኝ።»

«እዚያ ነው የጣልኩት» አላት።

አንሶላውን አጥፈው ጨረሱ።

ሰኞ ጠዋት እናት የክት ልብሷን ለብሳ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስገቧት። አልተቀመጠችም። ቆማ፣ ልጄን ማንም አልላከውም፣ ወረደ መባሉ አሳፍሮኝ እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ ልጄ መምህር ነው፣ እንደ መምህር ያዙልኝ አለች። እንደ እሷ ላለ ኩሩ ሰው ይህ ሸክም ከተራራ ይከብዳል።

ርዕሰ መምህሩ በአክብሮት አዳመጣት። በሆዱ ግን፣ «ገባኝ! ይቺ የመጨረሻዋ ፈተና ናት። ተራ ሰው ነው ስንባል እናዋርደው እንደሆነ ሊያዩ እናት ላኩብን» አለ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ እናት እንኳ አዘጋጅተዋል እያለ ተደነቀ። ከዚያ እጇን ይዞ፣ ኮሪደሩን እያሳያት፣ ልጇ ወደሚያስተምርበት ክፍል ወስዶ ከኋላ ትራስ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጣት። እሷ ይቅር የተባለች መስሏት አመሰገነችው።

ዶክተሩ እናቱን ሲያይ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ተማሪዎቹ ደግሞ ኢንስፔክተሮቹ ሁለት መሆናቸውን አይተው እንቁራሪቷን ለሁለት ሰው በሚበቃ ድምፅ ጀመሩ። በውሃም በየብስም ትኖራለች፤ ጭብጨባ። ምላሷ የተጣበቀው ከፊት ነው፤ ጭብጨባ። ረዘም ያለችው ልጅ ተነስታ ተሳሳተች፤ ታረመች፤ ጭብጨባ። እናት በሙሉ ልቧ አብራ አጨበጨበች። ልጄ እንዴት ነው ያስተማራቸው አለች። ዶክተሩ ሰሌዳውን ተደግፎ ወለሉን ያያል። ትምህርቱ ወደ ማለቂያው ደረሰና አንዱ ልጅ፣ እንቁራሪት ምግብ ስትውጥ ዓይኖቿን ወደ ውስጥ ጨፍና ትጫናለች፣ ዓይኖቿም ምግቡን ወደ ጉሮሮዋ ይገፉታል አለ።

ጭብጨባው ሳያልቅ እናት እጇን አወጣች። ሁሉም እጁን ሲያወጣ አይታለች፤ እዚህ ቤት ሰው የሚናገረው እንደዚያ ነው ብላ ነው።

«ልጆቼ፣ እንደው ይቅርታ አድርጉልኝ። ጨፍና ከዋጠችማ፣ የዋጠችው የያዘችውን ራሱን መሆኑን በምን ታውቃለች?»

ይህ ጥያቄ በጥናቱ ውስጥ የለም። መላሾቹ ተሳሳቿን አዩ፤ ተሳሳቿ ርዕሰ መምህሩን አየች፤ ርዕሰ መምህሩ ዶክተሩን አየው። ዶክተሩ ደግሞ እናቱን አየ። ዓይኑን በጣቷ የከፈተችው መሰለው።

«አላውቅም» አለ።

ርዕሰ መምህሩ ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ። በዕድሜው ከላይ የመጣ ሰው ብዙ አይቷል። የሚቆጣ አይቷል፣ የሚያንቀላፋ አይቷል፣ ሻይ ብቻ ጠጥቶ የሚሄድ አይቷል። «አላውቅም» ያለ ግን አንድም አላየም። ያን ሁሉ ክህደትና የእናት ኑዛዜ ያላመነ ሰው፣ በዚህች በአንዲት ቃል አመነ። ተመልሶ ቁጭ አለና ጎኑ ላለው ግድግዳ፣ «ለካ እውነትም መምህር ነው» አለው።

ያቺ ረዘም ያለች ልጅ እጇን ሳታወጣ ተነሳች። «ቲቸር» አለች፤ «ክቡር»ን ረስታዋለች። «እኔንም ሁልጊዜ የምትጎረብጠኝ ያቺ የመጨፈኗ ነገር ናት። ደግሞ ዓይኗ ሲገፋ አያማትም?» ከኋላ ያለው ልጅ፣ ዓይን ያህል ለስላሳ ነገር የሚንፈራገጥ ፌንጣ ለመግፋት ኃይሉን ከየት ያመጣል አለ። ሌላው የለም ምላሷ ነው የሚገፋው ብሎ ተከራከረው። አንዱማ የራሱን ዓይን ጨፍኖ ምራቁን ለመዋጥ ሞከረ፤ ከጎኑ ያሉትም ሞከሩ። ወዲያው የክፍሉ ግማሽ ዓይኑን ጨፍኖ የሚውጥ ሆነ።

ዶክተሩ ወለል ላይ የወደቀውን ጠመኔ አነሳ። አንድ ትልቅ እንቁራሪት ሣለ፤ መሣል አይችልም፣ ትራስ ነው የምትመስለው፤ ልጆቹም ይህንኑ ነገሩት። ከዓይኗ ወደ ታች አንዲት ቀስት አሰመረ። «የኃይሉ ጥያቄ ጥሩ ነው» አለ። «ስለ ዕይታዋ አብረን እንፈልጋለን። ስለ መግፋቱ ግን ኑ፣ እንየው።»

ትምህርቱ ያን ቀን ተጀመረ።

የዶክተሩ ክብር በዚያው ቀን አለቀ። ትራስ ያለው ወንበር ተወሰደ። ባለ ቀለሙ ጠመኔ ተቆልፎበት የጥፍር ያህሉ ተሰጠው። ጣራው በፀሐይ የሚያቃጥለው፣ በዝናብ የሚያንጠባጥበው ክፍል ተመደበለት። ዘበኛው ያለፈውን ሰላምታ ሁሉ ከእሱ ሊያስመልስ የፈለገ ይመስል፣ ማለዳ ማለዳ «አንተ ሰውዬ፣ ደወሉን አትሰማም?» ይለዋል። እሱም እየሳቀ ይሮጣል። ለዲኑ ደውሎ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥበት አለው። ዲኑ ገና አልወጣለትም ብሎ አዘነ።

ያቺ ረዘም ያለች ልጅ ግን አቤቱታ ይዛ መጣች። አሁን ሁሉም እንዳሻው እየተነሳ ስለሚሳሳት ሥራዋን ወሰዱባት። ምን ላድርግ ብትለው፣ ከእሱ ጋር ተራ እንድትገባ ነገራት፤ እሱም በየቀኑ ይሳሳታልና።

እናትስ? እናት ወደ ቤቷ ስትመለስ ልብስ ሰፊዋ አጥሩ ላይ ጠበቀቻት። ወሬው ቀድሟት ደርሶ ነበርና፣ ታዲያ ዶክተሩ ተራ መምህር ኖሯል አለቻት፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። እናት አንገቷን አልደበቀችም። አዎ፣ መምህር ነው አለች። ቀጥላም ልብስ ሰፊዋን ቆም አድርጋ፣ ፍጥረት ሁሉ ያየውን ሲውጥ አንዷ ለምን ጨፍና እንደምትውጥ ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋ ክሩን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቀረች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሌላውን ብትረሱት አልቀየምም። ያቺን እናት ግን አደራ። ሐብሏ ሊመለስላት እጇ አጠገብ ከደረሰ በኋላ፣ የክት ልብሷን ለብሳ «ዋሽቻለሁ» ልትል የሄደችውን፣ ሄዳም እጇን አውጥታ የጠየቀችውን፣ እሷን አስታውሱልኝ።